ከኮፈኑ ሥር የቀረ እጅ

ሚኒባስ ሲሞላ ረዳቱ ሞተሩ ላይ ያስቀምጠኛል። ትንሽ ሰው ስለሆንኩ ሁልጊዜ የሚመርጠው እኔን ነው። ትናንትም እንዲሁ ሆነ። ሞተሩን የሸፈነው ምንጣፍ ስስ ነበርና ሙቀቱ ቀሚሴን አልፎ ገባ፤ የተቃጠለ አቧራና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ይህ ሽታ ጁባ ይወስደኛል። ምንጣፉን የተደገፈውን እጄን ሳላስበው አነሣሁት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ካቆምኩ በኋላ አጎቴ ጁባ ወሰደኝ። እሱ ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋ ነበር። ከጎናችን የአገራችን ሰው የሆነ መካኒክ ጋራዥ ነበረው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ስፌት ላይ ስቀመጥ ማንም አያናግረኝም፤ ይህ ይመቸኝ ነበር። ሰው ቆሞ ካየኝ ክሩ እንኳ መርፌ ውስጥ አይገባልኝም።

ደቡብ ሱዳኖቹ ስለ ነፃነታቸው ድምፅ ሊሰጡ ወራት የቀራቸው ጊዜ ነበር። በስደት የኖሩት በየቀኑ ይመለሱ ነበር። ከእነሱ አንዷ ልጆቿን ኢትዮጵያ ያሳደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚሻል ሴት ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ባሏ እሷንና ልጆቹን አስቀድሞ፣ «መኪናዋን ደብቄ እከተላችኋለሁ» ብሏት ቀረ። አልተከተለም። ስትመለስ ቡሉክ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ በጡብ የተደፈነ በር አገኘች። ጡቡን ስታስፈርሰው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው ቀይ የስፖርት መኪና እንደቆመች ነበረች።

የባሏ ወንድሞች ሞቷል፣ ለቅሶ እንቀመጥ አሏት። «መኪናዋ ድና ግቢዬ ሳትገባ አልቀመጥም» አለቻቸው።

መኪናዋን ጎትተው ጋራዡ አመጧትና መካኒኩ ሞተሩን አስነሣው። ነገር ግን ከኮፈኑ ሥር ያለው፣ ሙቀት የሚከለክለው ጥቁር ሽፋን ሲነኩት እንደ ጥላሸት ይረግፍ ነበር። ሳይለወጥ ቢነዳ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ሽቦውም ይቀልጣል። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የረገፈውን ፋቅኩ፣ ብረቱን በቤንዚን አጠብኩ፣ አንድ ፊቱ ብርማ የሆነውን ወፍራም ጨርቅ በልኩ ቆርጬ ጠርዙን ሰፋሁ፣ በማስቲሽ ለጥፌ በማንኪያ ጀርባ ዳመጥኩት።

መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ኮፈኑን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ሲከፍተው ብርማው ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ አብጦ ነበር። የመዳፍና የጣቶች ቅርጽ።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን እዚህ ረስተሽው ሄድሽ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

እጄን አስጠጋሁት። የእኔ እጅ እዚያ ውስጥ የሕፃን እጅ ነበር። እሱም የራሱን አስጠጋ፤ የእሱም አነሰ። ትንሿ ጣት ደግሞ ግማሽ ላይ ቀርታለች።

ነቅለን ብረቱን እንደገና አጠብን። አዲስ ለጠፍኩ። በዚህኛው ጊዜ ኮፈኑን ሳንዘጋ ከሥሩ በምድጃ የተቀጣጠለ ከሰል አስቀምጠን አየነው። መጀመሪያ መዳፉ፣ ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ፣ እንደ ሊጥ ቀስ ብለው ተነሡ። ግማሿ ጣት መጨረሻ ላይ መጣች። የጎረቤት ጄኔሬተር የዚያን ሰዓት ጠፋና የሞቀው ቆርቆሮ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማ ነበር። አጎቴ አማተበ።

«ቅባት ነው» አለ መካኒኩ። «የቆየ ቅባት ዝገቱ ውስጥ ገብቶ። ሲሞቅ ብረቱ ያልበዋል፣ ማስቲሹም አይዝም።» ነገሩ እውነት ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሲቀልድ አልሰማሁትም፤ እኔም በኮፈኑ በኩል ላለማለፍ ዞሬ እሄድ ነበር።

ሴትየዋ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ከሩቅ ታያለች። አንድ ቀን ስፌቱ ጠሟል፣ ሌላ ቀን ብርማው ዐይን ይወጋል ትላለች። መካኒኩ ተማረረ።

«እቺ ሴትዮ እንዲያልቅ አትፈልግም» አለው ለአጎቴ።

«ካለቀ ለቅሶ ነዋ» አለው አጎቴ። «አንተ ብትሆን ትቸኩል ነበር?»

በመጨረሻ ቀርባ ያበጠውን እጅ አየችው። ለመሸፈን ጊዜ አላገኘንም። ጥላዋ ሞተሩ ላይ ወድቆ ነበር።

«ባሌን እጅህን ታጠብ ብዬው ነበር» አለች። «ቅባት በቅባት ሆነህ ሽፋኑን አትለጥፈው አልኩት። እምቢ አለ። ልንሸሽ ስንል ነው፤ በመዳፉ ተጭኖ ይዞት ቆመ።» ግማሿን ጣት አሳየችን። «ይቺን የሞተሩ ቺንጋ ነው የበላት። ያኔም ስቋል።»

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ማማ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ላጥፋልሽ። እንዲህ ከቀረ እሳት ያመጣል።»

«አይፋቅም።»

የባሏ ወንድሞች እንዲያ ስትል ቢሰሟት እብድ ይሏት ነበር።

«ይታጠባል» አለች። «የማጥበው እኔ ነኝ። ወንዶች ውጡ።»

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ። መካኒኩ የባትሪውን ሽቦ ፈትቶ ተከተለው። እኔም ልወጣ ስል፣ «አንቺ ቅሪ ልጄ፤ አፍስሺልኝ» አለችኝ።

ሬሳ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም ነበር። ብርማውን ቀስ ብላ ላጠችው። ነጭ የጥጥ ሻሿን ቀደደች። እኔ ቤንዚኑን በጥቂት በጥቂቱ ሳፈስላት መዳፉን አጠበች፣ ከዚያ አውራ ጣቱን፣ ከዚያ በጣቶቹ መካከል። አትፈገፍግም፤ የሚያመው ይመስል በቀስታ ነው የምታጥበው። በራሳቸው ቋንቋ በዝቅታ ታወራው ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ የተቆጣችው መሰለኝ። ግማሿን ጣት ለመጨረሻ አስቀረቻት። ቡናማ ሆኖ ይወርድ የነበረው ቤንዚን እየጠራ መጣ።

ብረቱ ሲደርቅ አዲሱን ለጠፍኩ። ወንዶቹ ተመልሰው ሞተሩን አስነሡ፣ ኮፈኑን ዘጉ። ቀዩ ቀለም እጅ እስከማያስነካ ድረስ ጠበቅን። መካኒኩ ከፈተው። ብርማው እንደ ረጋ ውሃ ለጥ ብሏል።

«አልወጣም?» አለች።

«አልወጣም ማማ።»

ሐኪም የነገራት ይመስል ራሷን ነቀነቀች። «ከላስ» አለች። በቃ ማለቷ ነው። ለአጎቴ ዞር ብላ፣ «ቅዳሜ ለቅሶ እንቀመጣለን፤ ኑ» አለችው፣ በጣም በሥርዓት፣ ሰርግ እንደምትጠራ ሰው።

ከዚያ እጄን ያዘች። ያን ጊዜ ሰው ሲነካኝ እሸሽ ነበር። ቤንዚን እጅ ያቀዘቅዛል፤ ግን ቶሎ ያልፋል፣ እሷም ካጠበች ቆይታለች። በዚያ የጁባ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ፊታችን ላይ እየነፈሰ፣ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ በረዶ ነበር። አጎቴ ሲጠራኝ ሰማሁ። አልሄድኩም። በሁለት እጄ ሸፍኜ እስኪሞቅ ድረስ ይዤው ቆምኩ።