የሁለቱ ካርቡራተሮች ትንፋሽ

አባቴ «ደህና ነው» ብሎ እዚያው ላይ የሚያቆም ሰው አልነበረም። «ደህና ነው፣ ግን» ይላል። ልጅ ሆኜ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ስመጣ ካርዴን አስነብቦ «ደህና ነው፣ ግን አንደኛ የወጣው ልጅ ሁለት ራስ አለው ወይ?» ብሎኛል። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወጡን ቀምሶ «ደህና ነው፣ ግን» ሲላት «እንግዲያው ግንህን ብላው!» እያለች ሳህኑን ታነሳበት ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ኮምቦልቻ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ኖረ። እኔንም ያሠለጠነኝ እሱ ነው፤ ሳዑዲ፣ ደማም መጥቼ በጋራዦቹ ሰፈር ሥራ ስጀምርም ያ «ግን» ባሕር ተሻግሮ ተከትሎኛል።

መኪናዋን ያገኘኋት ደማም አጠገብ ኾበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ የአንዲት ማዳም መኪና ባትሪ ልቀይር ሄጄ ነው። ግቢው ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ነገር አየሁና አላስችለኝ አለ፤ ገለጥኩት። ወንበሩ ላይ ድመት ወልዳለች። ወለሏን የባሕሩ ጨው በልቶት ምድሩ ይታያል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠሩ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነች። ማዳሟ ከኋላዬ መጥታ፣ ሟች ባሏ ዳህራን ሲሠራ አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባው አገሩ ሲገባ ትቶለት እንደሄደ ነገረችኝ። «ትወስዳታለህ? ውሰዳት። ኸላስ፣ ግቢዬ ይጽዳ!» አለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁለት ካርቡራተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወላሂ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው።

ምክንያቱም ያቺን መኪና አውቃታለሁ። አይቻት አላውቅም፣ ግን አውቃታለሁ። አባቴ ወጣት ሳለ ደሴ የሚኖር አንድ ሐኪም እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው፤ ሞተሯ ሲንተፋተፍበት ቁልቁል ኮምቦልቻ ያወርዳትና ለአባቴ ያስረክባታል። ሁለት ካርቡራተር ያለው ሞተር ሁለት አፍንጫ አለው ማለት ነው። አንደኛው ከሌላው በልጦ ከተነፈሰ ሞተሩ ያነክሳል። አባቴ ቀጭን የጎማ ቱቦ ቆርጦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ውስጥ፣ ሌላውን ጫፍ በተራ በተራ ካርቡራተሮቹ አፍ ላይ ያስጠጋና ፉጨታቸው እኩል እስኪሆን ብሎኑን የጥፍር ያህል ያዞራል። አስተካክሎ ሲጨርስ ሐኪሙ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። አንድም ቀን «እስቲ አንተም ንዳት» አላለውም። ዘመኑ ሲለወጥ ሐኪሙም መኪናዋም ከአገር ጠፉ። አባቴ ይህን ወሬ ባነሳ ቁጥር መጨረሻው «አንዴ እንኳን ሳልነዳት» ነበር።

እዚያው ግቢ ቆሜ ደወልኩለት።

«አባባ፣ ያቺን መኪና አገኘኋት።»

«ካርቡራተሯ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ውሸታም!» አለኝ።

የዚያን ዕለት ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቆረጥኩ። አድሼ አገር ቤት አስገባታለሁ፤ አባቴን መሪው ላይ አስቀምጬ ኮምቦልቻ ሜዳው መንገድ ላይ አስነዳዋለሁ። አባቴ ዓይነ ስውር ነው እኮ! ግላኮማ ሁለቱንም ዓይኑን ከወሰደበት ቆይቷል። ቢሆንስ? እኔ ጎኑ ተቀምጬ መሪውን አግዘዋለሁ፤ ነዳጁንና ማርሹን እግሩና እጁ ያውቁታል። ሰው በሕልሙ ዕቅድ አይታማም።

ካፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬና ዋሴ፣ የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ከጀርባ ያለውን ጥግ ፈቀደልኝ። «ማፊ ሙኽ!» ይለኛል ባለፈ ቁጥር፤ ጭንቅላት የለህም ማለቱ ነው። በጁምዓ ሰው ሁሉ ሰግዶ ሲተኛ እኔ ብየዳ ላይ ነኝ። የበሰበሰውን ወለል ቆርጬ በአዲስ ላሜራ ተካሁት። የጎማዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ ፈትቼ ወጠርኩ። ዕቃ ከእንግሊዝ አገር አዝዤ ወር ሙሉ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ የተሳሳተ ይሆናል፤ እሳደባለሁ፤ እንደገና አዛለሁ። የበጋው ሙቀት ሲመጣ መፍቻው ራሱ እጅ ያቃጥላል። ማታ ማታ የሠራሁትን ለአባቴ በድምፅ እየቀዳሁ እልክለታለሁ፤ ፎቶ ምን ያደርግለታል! ታናሽ እህቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች፤ መልሱንም ትቀዳለታለች።

«ምን ቀለም ቀባሃት?»

«አረንጓዴ።»

«ምን ዓይነት አረንጓዴ? የቡቃያ ነው የጥድ?»

«የጥድ።»

«ደህና ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ አታድርቃት፤ ታኮርፋለች።»

ሞተሯ ሊገጠም ሲል ነው ወሬው የመጣው። በቤንዚን የሚሄድ መኪና አገር ቤት እንዳይገባ ተከለከለ። ምሳ ላይ አንድ የአገሬ ልጅ ከስልኩ አነበበልን፤ ሌሎቹ ስለ ዋጋ ሲከራከሩ እኔ እጄን ታጥቤ ተነሳሁ። መኪናዋን በሸራ ሸፈንኳት። ለአባቴ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ስልኩን ሸሸሁት። ራሱ አስደወለ።

«ሬዲዮ ሰማህ?»

«ሰማሁ አባባ።»

«ታዲያ ሥራውን አቆምክ?»

«ምን ይሠራልኛል? ላንተ ነበር እኮ!» አልኩት። ትልቅ ሰውዬ ሆኜ ድምፄ እንደ ሕፃን ተሰበረ።

«ደህና ነው፣ ግን የተፈታ ሞተር ትቶ የሚነሳ መካኒክ አላሳደግኩም» አለ። «ዓይን የለኝም፤ ብትመጣም አላያትም ነበር። ጆሮ ግን አልነሳኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለቱ እኩል ሲተነፍሱ አንዴ አሰማኝ። ከዚያ ለፈለገህ ሽጣት።»

እንግዲህ የቀረን ያ ብቻ ሆነ፦ አንድ ድምፅ።

ሞተሯ የተነሳች ዕለት ካፊሌ ሳይቀር ከቢሮው ሮጦ ወጣ። እኔ ቱቦዬን ቆርጬ ስልኩን ጫፉ ላይ አስጠግቼ ቀዳሁና ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ደህና ነው፣ ግን የፊተኛው ይስገበገባል።» አስተካክዬ ላክሁ። «ደህና ነው፣ ግን አሁን ደግሞ የኋለኛው ሰነፈ።» ኧረ በአላህ! ጁምዓ አልፎ ጁምዓ መጣ። እኔ ልዩነቱ አይሰማኝም፤ እሱ ከኮምቦልቻ ይሰማዋል። ተናድጄ «እንግዲህ ና ራስህ አስተካክለው!» ብዬ ልኬለታለሁ። እስኪያስለው ድረስ ሲስቅ እህቴ ቀድታ ላከችልኝ። ሳሉ ከሳቁ ረዘመ።

በዚህ መሀል ገዢ መጣ። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ፣ ዳህራን የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ሳዑዲያዊ ነው። እኔ ነድቼ እሱን ጎኔ አስቀምጬ ወደ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ወረድን። ነፋሱ ፊታችንን ይገርፈናል፤ በየመብራቱ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። ባሕሩ ሲታይ ሰውዬው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላል፤ እኔ ግን ጎኔ የተቀመጠው ሌላ ሰው በሆነ ኖሮ እያልኩ እነዳለሁ። በዋጋው አልተጨቃጨቅንም። በሳምንቱ ረቡዕ መጥቶ እንዲወስዳት ተስማማን። እኔም ከረቡዕ ቀጥሎ ላለው እሁድ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ። መኪናዋ ካልገባች እኔ ልግባ አልኩ፤ ቢያንስ ቱቦዋን ይዤ ገብቼ ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ።

ከዚያ በኋላ የአባቴ ድምፅ ጠፋ። እህቴ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፤ አንተ ላክ፣ እሱ ይሰማል» ብላ ጻፈች። ድምፅ ቀድታ መላክም ተወች። አኩርፎኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «ና ራስህ አስተካክለው» ማለቴን እያነሳሁ ራሴን ረገምኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ደግሞ በዚያው ሰሞን ክፉኛ ደግ ሆነ። ተራው ሳይሆን ያበስላል፤ ልብሴን ሳልለምነው ያጥባል። «ምን ቀምሰሃል አንተ? ልታገባ ነው እንዴ?» እያልኩ አሾፍኩበት። አቀርቅሮ ሳህን ያጥባል።

ረቡዕ ዕለት የገዢው ጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦዬን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ አቀርቅሬያለሁ። ፊተኛውን ሰማሁ፣ ኋለኛውን ሰማሁ። ብሎኑን የጥፍር ያህል አዞርኩ። ደግሜ ሰማሁ። ያ ረብ! አንድ ሆኑ። ቱቦውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳዛውር የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሴ ጠፋኝ። ቀዳሁና ላክሁ። «አባባ፣ ያውልህ! እኩል ናቸው!» መኪናዋን ጭነው ሲወስዷት ዞሬ አላየሁም፤ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። ቆይቶ የእህቴ ጽሑፍ መጣ። «ጋሼ፣ ሰምቶታል። ደህና ነው ብሏል።»

ደህና ነው ብሏል! ጋራዡ መሀል ቆሜ ጮህኩ። ካፊሌን አቀፍኩት። «ግን» የሌለው «ደህና ነው» ከአባቴ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ደማም ውስጥ ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳስታውስ ነው ዛሬም የሚያመኝ።

ጁምዓ ጠዋት፣ ሱብሒ ሰግደን ገና ሻንጣዬን እያስተካከልኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ከፊት የቆሙት የባቲው አዛውንት ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሾፌር ሆነው ብዙ ዘመን የቆዩ፣ ለሁላችንም እንደ አባት የሆኑ ሰው። «እንዴ! ለእሁድ በረራ ከአሁኑ ልትሸኙኝ?» አልኳቸው። ገብተው በዙሪያው ተቀመጡ። ቴምሩን አቀረብኩ፤ ማንም አልነካውም። እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ አለ። የገዛሁለትን ሽቶ አሳየኋቸው፣ ዚክር የሚቆጥርበትን ሙስበሃ አሳየኋቸው። ከዚያ ቱቦዋን አወጣሁ። «ይቺን ነው አባቴ ከሁሉ አስበልጦ የሚወድልኝ» አልኩ።

አዛውንቱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ቱቦዋን አስቀምጣትና ተቀመጥ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባታችን ወደ አኼራ ሄደዋል።»

የሞተው ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ነው። ረቡዕ እኔ ያን ድምፅ ስልክ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሳህን የሚያጥበው ልጅም። የእኛ ሰው በባዕድ አገር ላለ ሰው ሞትን በስልክ አይነግርም፤ ሰው ይሰበሰብለታል፣ በማለዳ ይሄዱለታል፣ መርዶው ከሰው ጋር ይደርሰዋል። እኔ ራሴ ለስንቱ በር አንኳኩቻለሁ! ጫማቸውን ሲያወልቁ የነበራቸውን ዝምታ እንዴት አላወቅኩትም?

ረፋዱ ላይ እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ተላቀስን። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን አንጀቴ እምቢ አለ።

«ድምፁን ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ሰው ሁሉ ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ነው የደረሰኝ። ጓዳ ገብቼ አልጋው ላይ፣ ትራሱ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት። ምን ላድርግ ጋሼ? አሰሚው ብለኸኝ ነበር።» ቀጥላ «አባዬ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

«‹ደህና ነው፣ ግን› ይል ነበር።»

«‹ግን›ኑን ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር» አለች እያለቀሰች። «ከ‹ግን› በኋላ የሚለውን ግን አላውቀውም።»

እሁድ በረርኩ። መቃብሩን አየሁ፤ ዱዓ አደረግን፤ ተመለስኩ። ገዢው አንዳንዴ ይደውልልኛል። ሐሙስ ማታ የባሕሩ ዳር መንገድ፣ ኮርኒሹ ላይ ይነዳታል። «ሙሽኪላ ማፊ፣ ችግር የለም፣ እንደ ሰዓት ነች!» ይለኛል። አልሐምዱሊላህ እለዋለሁ።

ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ የረቡዕን ቅጂ ስልኬ ላይ ከፍቼ የቱቦዋን ጫፍ አስጠጋበትና ሌላውን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ። ሁለቱ ይተነፍሳሉ። አባቴ የሚያገኛትን ያቺን ጉድለት እፈልጋለሁ። የሆነች ትንሽ ነገር አለች፤ ለእሱ ሁልጊዜ አንዲት ትገኝ ነበር። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።