ከቅዳሴ መልስ፣ ግድቡ ላይ

ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወንድሜ ከነሚስቱ ቆረበ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላውን ከአፉ ላይ አላነሣም። የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋምና፣ እሾህ እንዳይወጋው፣ እንቅፋት እንዳያደማው እግሩን እያየ ነበር የሚራመደው። ቤት ገብተን እህል እንደቀመስን ግን ተነሥቶ አካፋውን ከጓዳ አወጣ።

አባታችን መሪጌታ ነበሩ። ሲሞቱ ፎገራ ሜዳ ላይ ያለችውን መሬት ለሁለታችን ተዉልን። እሱ ያርሳል፣ እኔ ወረታ ከተማ አስተምራለሁ፤ ሩዙን እንካፈላለን። ክረምት ትምህርት ስለሚዘጋ ፍልሰታን ሁልጊዜ እሱ ዘንድ እጾማለሁ።

በዚያ ሰሞን ደጋው ያለ ፋታ ይዘንብ ነበርና ርብ ወንዝ ሞልቶ ከመንገዱ ወጣ። ውኃው ማሳችን ገብቶ የሩዙን ወገብ ይዟል። ሩዝ ውኃ ይወዳል፤ አናቱ ሰጥሞ ከሰነበተ ግን ይበሰብሳል። ከእኛ ማሳ በታች፣ በእኛና በጎረቤታችን መካከል፣ የአፈር ግድብ አለ። ግድቡ ቢቆረጥ ውኃው ከእኛ ላይ ይነሣል፤ የሰውዬውን ሩዝ አጥቦ ጎጆው ውስጥ ይገባል። ሰውዬው ደግሞ ከወንድሜ ጋር በድንበር ተካሷል፤ ከተኳረፉ ቆይተዋል።

«ወዴት ነው?» አልሁት።

«ግድቡን ልንቆርጠው። ሌሎቹም እየመጡ ነው።»

«ሰውዬው እኮ ልጆች አሉት።»

«እኔስ የለኝም?»

«አሁን አይደለም እንዴ የቆረብኸው?»

በንዴት ዞር አለና «እሱ ሌላ፣ እርሻ ሌላ!» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያኑን ከማሳዬ ጋር አታገናኚብኝ።»

ያቺ ንግግር ደሜን አፈላችው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማት ኖሬያለሁ። ገበያ ላይ እርጥብ ሩዝ ከደረቅ እየቀላቀለ የሚሸጠውም፣ ምስክር ሆኖ የሚዋሸውም እሑድ ከፊት ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሲጠየቅም «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ይላል። ጫማዬን አውልቄ ቀድሜው ሮጥሁ።

ስደርስ ከእኛው ወገን ያሉ፣ ከወንድሜ ጋር የቆረቡ ጎረቤቶች አካፋና ዶማ ይዘው ደርሰዋል። ሊቆርጡት ያሰቡበት ቦታ ላይ ወጥቼ ቆምሁ።

«አስተማሪዋ፣ ዘወር በይ እንጂ» አለኝ አንዱ እየሳቀ።

«አልወርድም። የምትቆርጡ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ።»

ሳቁ ቆመ። እግሬ ሥር ጭቃው ይንቀሳቀሳል። ወንድሜ ደርሶ ክንዴን ያዘኝ።

«እታለም፣ ውረጂ። በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«አንተን አይደለም የማዋርድ። ልቀቀኝ።»

በዚህ መካከል የንስሐ አባታችን ቄስ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ሁሉም ተሽቀዳድሞ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣

«ልጄ፣ ተይ፣ ከወንድምሽ ጋር አትጣዪ። እሱም ለድካሙ ነው» አሉኝ።

አባቴን ከቀበሩ ሰው ጋር እንዲህ እናገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እንግዲያውስ አባ፣ አካፋዎቹን ይባርኩልን» አልኋቸው። «እነዚህ ሰዎች ዛሬ በእጅዎ ያቆረቧቸው ናቸው። ‹ሂዱ፣ የጎረቤታችሁን ቤት አስጥሙ› ይበሏቸውና እኔ አሁኑኑ እወርዳለሁ።»

አባ ወደ ታች ተመለከቱ። የሰውዬው ሚስት ልጅ አዝላ ጥጃ እየነዳች ከፍ ወዳለው ቦታ ስትሮጥ ከእኛ ትታይ ነበር።

«አልባርክም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ከጎኔ አልቆሙም። ጃንጥላቸውን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሆኖም ያቺ አንዲት ቃል በቃች። ሰዎቹ እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ተበተኑ። ወንድሜ አካፋውን ውኃው ውስጥ ወርውሮ ሄደ።

ሩዛችን ሰጠመ። የእሱም የእኔም ድርሻ በሰበሰ። ውኃው ሲጎድል ሜዳው ሁሉ ይሸት ነበር። ወረታ ገበያ ላይ ሴቶች በጣት ያሳዩኝ ጀመር፤ «ለባዳ ብላ የወንድሟን ልጆች ያስራበች ያቻት» ይባባላሉ። ሰምቼ አንገቴን አልደፋሁም። ጤፍ ገዝቼ በጋሪ ላክሁለት፤ መለሰው። ደግሜ ላክሁ፤ ሚስቱ ተቀበለችኝ።

ያ ጎረቤታችንማ አላመሰገነኝም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። ክሱንም አልተወም፤ ከመስቀል በኋላ ወንድሜን እንደገና ፍርድ ቤት አቆመው።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠፍፎ ጓያ የሚዘራበት ጊዜ ሲደርስ ሳልጠራ ሄድሁ። ወንድሜ በሬዎቹን ጠምዷል። ሰላምታዬን በግማሽ አፉ መለሰ። ዘሩን በእንቅብ ይዤ ከፊቱ መበተን ጀመርሁ፤ እሱ ከኋላ እያረሰ አፈር ያለብሰዋል። ብዙ ከሄድን በኋላ በሬዎቹን አቆመ።

«አየሽው ያን ሰው?» አለኝ። «ቤቱን አተረፍሽለት፣ እሱ ግን አሁንም እኔን ይከሳል።»

«አየሁት።»

«አልቆጨሽም?»

«ምስጋና ሊከፍለኝ አይደለም የቆምሁት። ክርስቲያን ነኝ ስላልሁ ነው የቆምሁት።»

«ከርሞም ውኃው ቢመጣስ?»

«ከርሞም እቆማለሁ።»

«እንግዲያ ወንድም የለኝም በይ።»

«ወንድም አለኝ» አልሁት። «አንተ ብትተወኝ እኔ አልተውህም፤ ግድቡንም አላስቆርጥህም።»

ወንድሜ ጅራፉን አንሥቶ በሬውን ተቆጣ፤ እኔም እንቅቡን ከፍ አድርጌ ወደፊት ሄድሁ።