ከግድግዳው ማዶ የነበሩት አራት ሰዎች

ይህ ነገር የደረሰው በደርግ ዘመን፣ ቀጨኔ ልብስ እየሰፋሁ በምኖርበት ጊዜ ነው። ቀይ ሽብሩ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አላለፈም። ግማሹን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ሲሰሙት ይስቃሉ። ሙሉውን ግን ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅና ዕድሜዬም ስለገፋ እንዳለ ልጻፈው።

ሰውየው ዛሬ ስሙ የገነነ ኮሜዲያን ስለሆነ እዚህ ስንታየሁ ልበለው። ያን ጊዜ ማንም አያውቀውም። ከእኔ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚለይ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ሲያገኘኝ "ደህና አደሩ ጋሽ ይልማ" ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣውም።

እኔ ደግሞ የሰፈራችን የቀጠና ተጠሪ ነበርኩ። ፈልጌው አይደለም። ስብሰባ ላይ እጅ ወጣና ተመረጥኩ፤ በዚያ ጊዜ አልፈልግም አይባልም። ሥራዬ በየቤቱ ያልተመዘገበ እንግዳ ካለ ለቀበሌ መንገር ነበር።

የስፌት መኪናዬ ያለችው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነው። አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከስንታየሁ ክፍል የሰዎች ክርክር እሰማ ጀመር። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ይለያል። አንዱ የሚያስለው ሽማግሌ ነው። አንዱ ጎርናና፣ አዛዥ ነገር። አንዱ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ገጠሬ። ስንታየሁ ራሱ ሲጨመር አራት። ሲገባም ሆነ ሲወጣ ያየሁት ሰው ግን የለም።

ይበልጥ ያስፈራኝ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሽማግሌው እዚያው ቦታ ላይ ያስላል፣ ጎርናናው እዚያው ቦታ ላይ ይቆጣል፤ ያልቅና እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ያን ዘመን ያላየ ሊስቅብኝ ይችላል። እኔ ግን "ተይዘን ብንጠየቅ ምን እንላለን" ብለው ቃል የሚያስማሙ መሰለኝ።

ሦስት ቀን ታገሥኩ። ባለቤቴ "አንተ ምን አገባህ፣ ዝም በል" አለችኝ። ዝም ብል ነገ ቢደረስባቸው ግድግዳው የጋራ ነው፤ አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል? ሁለት ልጆች አሉኝ። በአራተኛው ቀን ቀበሌ ሄጄ አራት ሰዎች እንዳሉ አስመዘገብኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው በሩን በርግደው ገቡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ስንታየሁ በካናቴራ፣ ላብ አጥምቆት፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ስባሪ መስታወት ፊት ብቻውን ቆሟል። አልጋ ሥር ፈለጉ፤ ማንም የለም።

"ሌሎቹ የት አሉ?" አለው አንደኛው።

"ሌሎቹም እኔ ነኝ" አለ።

በጥፊ አጮለው። ይዘውት ሄዱ፤ እኔም "ምስክር ነህ" ተብዬ ተከተልኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ነገሩን ሰማና "ሁሉም እኔ ነኝ ካልክ እስቲ አሳየን" አለው። ስንታየሁ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ ጀመረ። ለካ አውቶቡስ ውስጥ የሚጨቃጨቁ ተሳፋሪዎች ናቸው። ለቲያትር ቤት ፈተና ሲለማመድ ኖሯል። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ወለል ወለሉን እያየሁ አዳመጥኩ። ማንም አልሳቀም፤ ሊቀ መንበሩ ሳይስቅ ማን ይስቃል? ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁ አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

ሲጨርስ ሊቀ መንበሩ "ድገመው" አለ። ደገመው። ሳሉ እንኳን ቦታውን አልለቀቀም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግመው ግን ሊቀ መንበሩ ራሱ ሳቁ አመለጠው፤ ያኔ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቢሆንም ጉዳዩ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ተጽፎ ስለነበር መልስ እስኪመጣ አምስት ቀን ታሰረ። "ፈተናዬ ዐርብ ነው" እያለ ሲለምን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዐርብ አለፈ።

የተፈታ ዕለት ቤቱ እንኳን ሳይገባ ወደ እኔ መጣ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጺሙ አድጓል፣ ልብሱ ቆሽሿል።

"ጋሽ ይልማ፣ ጥቆማው ሲነበብልኝ አራት ሰዎች ይላል" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

"አምስት እኮ ናቸው። ማንን ነው ያልሰሙት?"

ከኪሱ የተጣጠፈ ደብተር አውጥቶ፣ እርሳስ ይዞ ይጠብቀኛል። ያሾፈብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አያሾፍም። የሰማኋቸውን በጣቴ ቆጠርኩለት።

"ሴትየዋስ? ዘንቢል የያዘችው?"

"ሴት አልሰማሁም። ምናልባት ሽማግሌው መስላኝ ይሆናል።"

ጻፈው። "እሷ ገና አልተሠራችም ማለት ነው" አለ ለራሱ። "ዐርብ ገብቼ ቢሆን በእሷ ነበር የምወድቀው።"

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ነገ ስለማመድ የስፌት መኪናዎን ያቁሙልኝ፤ ሴት መሆኗን ካላወቁ ግድግዳውን ይምቱ" ብሎኝ ወጣ።

እንዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ሠራን። እሑድ እሑድ አዲሱ ገበያ ሄዶ ሽንኩርት ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ተቀምጦ ይውላል፤ በማግሥቱ ጠዋት ይሞክራታል፤ እኔ በመቀሱ እጀታ ግድግዳውን እመታለሁ። እንደገና ይጀምራል። የምመታበት ቦታ ጭቃው ረግፎ ጭራሮው ታየ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ስንታየሁ ሳይነግረን አገባ እንዴ?" አለችኝ። ያን ቀን ግድግዳውን አልመታሁም።

በዓመቱ ተፈትኖ አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቃል፤ ካሴቱ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሰዎች "ተሰጥኦ ነው" ይላሉ። ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እኔ የማውቀው ከእስር ወጥቶ ፊቱን ሳይታጠብ እርሳስ የያዘውን ልጅ ነው። በሕይወቴ እንደሱ ሥራውን የሚያከብር ሰው አላየሁም።

ይቅርታውን ግን ዛሬም አልጠየቅኩትም፤ እሱም አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። በበዓል ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ልጆቼ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ያን ጥቆማ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብዬ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም "እስቲ አሳየን" አይለውም ነበር።