መርሳ ላይ ያፈረስኩት ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴ አሮጌ ማድ ቤቷን ልታስመርግ ጭቃ አስቦክታ ኖሮ፣ ጭድ ከአፈር ጋር ሲሰነብት የሚያመጣው ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከበሩ ላይ ተቀበለኝ። ወልድያ አሁን ሁሉም በብሎኬት ስለሚሠራ ሽታውን ከረሳሁት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ጎረቤቴም ያመመኝ መስሏት ወንበር አወጣችልኝ።

ሽታው የመለሰኝ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት መርሳ አጠገብ ወንዙ ከመንገዱ ወጥቶ ዳር ዳሩን የነበሩትን ቤቶች ጠራርጎ ሄደ። ሰዉ በጊዜ ወደ ኮረብታው ሸሽቶ ቢተርፍም የሚገባበት አልነበረውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን አባት “ጉልበት ያላችሁ ውረዱ” ሲሉን፣ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ባህር ዛፍ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከእንጨቱ በላይ ተደርድረን፣ እየዘመርን ከወልድያ ወደ መርሳ ወረድን። እኔማ ለጉዞው ብዬ አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር፤ አንዱን እግር ጭቃው በመጀመሪያው ሰዓት ውጦ አስቀረው።

ለእኔና ለአምስት ጓደኞቼ የደረሰን የእማማ ዘሀራ ቤት ነበር። ባላቸው ሞተውባቸው፣ አንድ ልጃቸውም ለሥራ ርቆ ሄዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ። የተረፋቸው የመሃሉ ምሰሶና አንድ ጥግ ብቻ ቢሆንም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዙን ላያቸው ሰው እኛን ለሥራ የቀጠሩን ይመስሉ ነበር። “ጭዱ አነሰ፤ ጨምሩ!” ይሉናል፤ ጭቃውን በእግራችን ስናቦካ ከዳንስ ጋር ያመሳሰለውን ልጅ ደግሞ በዓይናቸው ብቻ ያርሙታል። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር ከሰዓት ጾማችንን የምንፈታበትን ሰዓት ከእኛ በላይ እሳቸው ይጠብቁልን ነበር፤ ጎረቤት ለምነው ባገኙት ድስት ንፍሮ ቀቅለው፣ ዘይት እንኳ እንዳልነካው ምለው ያቀርቡልናል።

ለእኔ ቱንቢው ተሰጠኝ፤ ሒሳብ ጎበዝ ናት ተብዬ። ክሩን ከላይ ይዤ ብረቱን ቁልቁል እየለቀቅኩ ቋሚው ቀጥ ማለቱን የማረጋግጠው እኔ ነበርኩ፤ ሹመቱም ትንሽ ሳያኮራኝ አልቀረም። በአምስተኛው ቀን የምሥራቁ ግድግዳ ማገሩ ተመትቶ፣ ጭቃው ተለጥፎ ሲያልቅ አጨበጨብን። እማማ ዘሀራ ግን ተነሡና ዞረው ዞረው አዩት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጥጉ ተመለከቱ።

“ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ጎረቤት ሊጠይቅ ሊሄድ ነው እንዴ?” አሉኝ።

ዘሟል። ንፋስ ሲወዛውዘው ክሩ እስኪረጋ ሳልጠብቅ “ልክ ነው” ያልኩት እኔ ነበርኩ። የቡድናችን መሪ ዲያቆን ተስፋ መጥቶ አየውና ወደ ጎን ወሰደኝ። “አንድ ጣት ብትሆን ነው፤ ምርጉ ይሸፍናታል። መኪናው ነገ ይመጣል፤ የቀረችን ቀን አንዲት ናት” አለኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጥፋቴ በጭቃ ሊሸፈን ነው። እማማ ዘሀራ ግን ምን እንደተባባልን ገብቷቸው ኖሮ፣ ሳይቆጡ፣ “እናንተ ወደ እናቶቻችሁ ትመለሳላችሁ። ከሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ” አሉ።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ዶማ አነሣሁና ጓደኞቼ ሁሉ እየሰሙ “ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይፍረስ” ብዬ የመጀመሪያውን ራሴ መታሁት። እርጥቡ ጭቃ ከእግሬ ሥር ወደቀ። አንዷ ጓደኛዬ አለቀሰች፤ እጆቿ ውኃ ቋጥረው ነበር። ዲያቆን ተስፋም እጅጌውን ሰብስቦ ከጎኔ ማገሩን ይነቅል ጀመር። በማግስቱ መኪናውን ባዶውን መለሰው።

ጭቃ አልቆብን ነበር፤ አዲስ ይቡካ ቢባል ደግሞ ቀናት ሊፈጅ ነው። ወደ ማምሻው ላይ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ የመንደሩ መስጊድ ልጆች ለገዛ ቤቶቻቸው ያቦኩትን ጭቃ በቃሬዛ ተሸክመው ከች አሉ። “የኛስ?” ብንላቸው፣ ከፊት የነበረው “አብሽሩ፣ የኛ ይደርሳል” ብሎ አራገፈው። ሁለት ቀን አብረን ሠራን። ክሩ ረግቶ ቆመ፤ እማማ ዘሀራ ሦስት ጊዜ አስለኩኝና “ማሻአላህ፣ አሁን ቤት ሆነ” አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ አሜን አልን። ዲያቆን ተስፋም ጸለየ፤ እሳቸው አሜን አሉ።

እማማ ዘሀራ ያረፉት አምና ነው። ዲያቆን ተስፋ ከሳቸው ቀድሞ ሄዷል፤ ከእንጨቱ ላይ አብረውኝ የዘመሩትም አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። ዛሬ ርእሰ መምህርት ነኝ፤ ከእኔ በታች ብዙ መምህራን አሉ፤ የምሠራውን ሁሉ ያመሰግኑልኛል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ “ዘሟል” የሚለኝ ሰው ግን አጣሁ።

አምና ለእማማ ዘሀራ ለቅሶ ልደርስ መርሳ ስወርድ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ልጃቸውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ስሜን ስነግረው ተነሥቶ እጄን ያዘና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። “እናቴ የምታወራላችሁ ልጅ ይቺ ናት፤ ግድግዳዋን ራሷ ያፈረሰችው” አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ከመሃላቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እንደዚያን ቀን ቀና ብዬ የተቀመጥኩበት ቀን የለም።