የአያንቱ ትንፋሽ

መጀመሪያ ያየሁት ጡት መያዝ እንዳቃታት ነው። አያንቱ ጡቴን ትይዛለች፣ ሁለት ሦስቴ ትስባለች፣ ከዚያ ደክሟት ትለቃለች። ወተቱ ባፏ ዳር ይፈሳል። ሳነሳት እጅና እግሯ ዝልፍልፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ከእሷ በፊት ሁለት ወልጄአለሁና ሕፃን በእጅ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ይህች ትንሽ ሆና ከሁለቱም ትከብደኝ ነበር። ምላሷ ወጣ ያለ፣ የዓይኖቿ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ማጅራቷ ላይ ቆዳዋ የላላ ነው። ሲርባት እንኳ አታለቅስም። ጎረቤቶቼ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይሉኛል። እኔ ግን እንድታለቅስልኝ እለምን ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የምንኖረው ነቀምቴ፣ ገበያው አጠገብ ነበር። እናትና አባቴ ከጎጃም መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው፤ ባለቤቴ ቶሌራ ደግሞ እዚያው አጠገብ ያለችው የጉቴ ተወላጅ፣ ልብስ ሰፊ ነው። ስሟን ያወጣላት እሱ ነው። አያንቱ በኦሮምኛ ዕድለኛ እንደ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት አርፌ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም። ጸበል ወሰድኳት። ክታብ አሰርኩላት። ወጌሻ ጋ ሄድኩ፣ በቅቤ አሸኋት፣ አንዱ አልይዝልኝ ሲል ሌላውን ጀመርኩ። አማቴ አዴ ዲንቄ ከጉቴ በመጡ ቁጥር ልጅቱን አገላብጠው ያዩና «ልጄ፣ በጣም አትውደጃት፤ እንዲህ ያሉት ብዙ አይቆዩም» ይሉኛል። ከክፋት አልነበረም። እሳቸውም ልጆች ቀብረዋል።

ዓመት ሊሞላት ሲል ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛው ይቀናው ስለነበር ያልገባኝን ቶሌራ ይነግረኛል። መዳፏን ገልጦ አየ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ነበረባት። ከዚያ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ልቧን አዳመጠ።

«ሕመሟ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ይሄ የያዛት ሕመም አይደለም» አለኝ። «ከፅንሷ ጀምሮ እንዲህ ናት። በሰው ገላ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባል ነገር አለ፤ እሷ ጋ አንድ ትርፍ አለ። አንቺም፣ አባቷም ያጠፋችሁት ነገር የለም።»

የጠራበት ስም ሞንጎሊዝም የሚል ነበር። ያ ስም ዛሬ ቀርቷል፤ ዳውን ሲንድረም ይባላል።

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም። ትሄዳለች፣ ትናገራለች፣ ትማራለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ልቧ ነው። ቀዳዳ አለበት። እዚህ ልንጠግነው አንችልም። አንዳንዴ ልጁ ሲያድግ ቀዳዳው እየጠበበ ይሄዳል። ከጉንፋን ጠብቂያት። ከንፈሯ ከጠቆረ አንድ ሰዓት እንኳ አትዘግዪ።»

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከከንፈሯ አልተነቀለም። ፀሐይ ላይ አያለሁ፣ ጥላ ውስጥ አያለሁ። ስትስቅ አያለሁ። ተኝታ ስትቆይብኝ የእጄን ጀርባ አፍንጫዋ ስር አደርጋለሁ። ቶሌራ «አሁን ልትቀሰቅሻት ነው፤ ተያት!» ይለኛል። አልተውም። ሽንኩርት እየከተፍኩ እነሳለሁ፣ ጎረቤት ተቀምጬ እነሳለሁ። ለምን እንደተነሳሁ እንኳ ሳላውቅ እግሬ ወደ እሷ ይወስደኛል።

በሁለተኛው ክረምቷ የቶሌራ አጎት ሞተና ለለቅሶ ጉቴ ወረድን። አያንቱ ትንሽ ትስል ነበር። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የቶሌራ ታላቅ ወንድም ጠጋ ብሎ «ልጅቱን ጓዳ አስገቢያት፤ ሰው እያያት ነው» አለኝ። በሰው ለቅሶ ላይ ጠብ አልፈለግሁም። አቅፌአት ገባሁ። ጓዳው መስኮት የለውም። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ቶሎ ቶሎ ነው። ከንፈሯ ግን አይታየኝም። ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ተነሳሁ። በለቀስተኛው መሀል አልፌ ደጃፍ ላይ አወጣኋት።

ከንፈሯ ጠቁሯል። ጥፍሯም። ጎኗ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጮህኩ።

መኪና የለም። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል። አንድ የጭነት መኪና ከከተማው መውጫ ጭቃ ውስጥ ተውጦ ቆሟል። ቶሌራ በቅሎ ፍለጋ ሮጠ። አዴ ዲንቄ ከሐዘን ፍራሻቸው ተነሱ። ማንንም አላናገሩም። «አምጪያት» አሉኝ። አሳዘልኳቸው። በጋቢያቸው ቀና አድርገው አሰሯት። መንገድ ጀመርን።

ያን መንገድ ብዙ አላስታውሰውም። ጭቃው ጫማዬን ነጠቀኝ። አልተመለስኩም። እሳቸው ሲደክሙ እኔ፣ እኔ ስደክም እሳቸው። አሮጊቷ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ደርሰናል» ይሏታል። አልደረስንም። እንደገና ይሏታል። ቶሌራ በቅሎውን ይዞ ሲደርስብን የነቀምቴ ቤቶች መታየት ጀምረው ነበር።

«ኒሞኒያ ነው» አለ ሐኪሙ። የሳንባ ምች። «ልቧ ደክሟል።» ኦክሲጅን አደረጉላት። ፔኒሲሊን ወጓት። አላለቀሰችም። «ስትጋደም ይብስባታል፤ ቀና አድርጋችሁ ያዟት» አለን። ያዝናት። እኔ፣ ቶሌራ፣ አዴ ዲንቄ። ክንዴ ደነዘዘ። አልሰጥም አልኩ። ነጠቁኝ።

«ትኖራለች?» አልኩት ሐኪሙን።

«አላውቅም» አለኝ። «ልዋሽሽ አልፈልግም።»

አዴ ዲንቄ ልጅቷን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ፣ «አትውደጃት ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። «እኔው አልቻልኩበትም።»

ትኩሳቱ የለቀቃት አንድ ጠዋት ነው፤ ሰውነቷ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ ቀልቶ፣ ወዲያው ጮክ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አብሬአት አለቀስኩ፤ አስታማሚው ሁሉ ሞተችባት ብሎ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ነርሷ እንዴት እንደማበላት አስተማረችኝ፤ ቀና አድርጌ አስቀምጬ፣ አጥሚቱን በትንሽ ማንኪያ ምላሷ መሀል ላይ ጫን አድርጌ፣ እስክትውጥ ታግሼ። ቤት ከተመለስን በኋላ አንገቷ ጠናላት፣ ተቀመጠች፤ እኩዮቿ ሲሯሯጡ እሷ ገና በቂጧ እየተንፏቀቀች የአባቷን የስፌት መኪና ትከብ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ከመኪናው የተንጠለጠለውን ጨርቅ ይዛ ቆመች፣ ጨርቁን ለቀቀች፣ ሄደች። ካደገች በኋላ የተሰፋውን ልብስ አጥፋ የምትደረድረው፣ ለደንበኛ ሁሉ «አካም!» እያለች ሰላምታ የምትሰጠው እሷ ናት። ጓዳ አስገቢያት ያለኝ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ለልጁ ሠርግ ሲጠራን ራሱ እጇን ይዞ ከእንግዶቹ ፊት አስቀመጣት፤ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም ጠይቀኝ አላልኩትም። በየጊዜው ልቧን ያዳምጡላት ነበር፤ ድምፁ እየቀነሰ መጣ፣ ቀዳዳውም እየጠበበ ነው አሉን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስትተኛ እጄን አፍንጫዋ ስር ሳላደርግ አላልፍም።

እውነቱን ለነገረኝ ሐኪም፣ ማንኪያ አያያዝ ላስተማረችኝ ነርስ፣ ለቶሌራ ምስጋናዬ አያልቅም። አዴ ዲንቄን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

እንደ አያንቱ ያለ ልጅ የተሰጣችሁ፣ ልቡን ቶሎ አስመርምሩ። ጉንፋንን አትናቁ። ጸበሉንም ውሰዱት፣ ሐኪሙንም አትተዉ። ጓዳ አታስገቡት፤ ጨለማ ውስጥ የከንፈር ቀለም አይታይም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንዱ ምርመራ ላይ አዲስ የመጣች ነርስ አያንቱን «ስምሽ ማነው?» አለቻት። ልጄ ዝም አለች። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት ቶሌራ ክንዴን ያዘኝ። ነርሷ ወደ ሌሎቹ በሽተኞች አለፈች፤ አንዱን ወጋች፣ የሌላውን ቁስል አሰረች፣ ልትወጣ በሩ ጋ ደረሰች። ይሄኔ አያንቱ ከአልጋው ላይ «አያንቱ!» አለች።

ስለዚህ ስትጠይቋቸው ቶሎ አትለፏቸው። መልሱ ይዘገያል፤ ጠብቁት።