በአሰለች ካሴት ላይ የሌለው አዝማች

ሙሉሃብትን ላሊበላ አጠገብ ባለችው ብልባላ ሰርግ ቤት የማያውቃት የለም። አውራጅ አይደለችም፤ ተቀባይ ናት። የአገሩ አውራጅ፣ ወጣቷ አሰለች፣ ዘፈኑን ስታወርድ እሷ አዝማቹን ትቀበላለች፤ ያውም እንደ ሰው አይደለም። መጨረሻው ላይ ድምጿን ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች፣ ታሽሞነሙነዋለች፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ጨርሰው ሲያርፉ እሷ ገና ናት።

«ኧረ እትዬ ሙሉሃብት፣ ሙሽራዋ አረጀች እኮ!» ይሏታል።

እሷ ምን ገዷት! አሰለች እንደሆነች ከበሮዋን እየመታች፣ ፈገግ ብላ ትጠብቃታለች።

በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም አሰለች ለደሴው ውድድር ተመረጠች፤ ከደሴም አዲስ አበባ ወሰዷት። ዘመናዊ ዘፋኝ ሆነች፣ ጸጉሯንም አፍሮ አበጠረች ተባለ። ሙሉሃብት ከዚያ ወዲህ ሰርግ ብትጠራም አፏን አትከፍትም። ልጂቱ የረሳቻት መስሏት አንጀቷ ቆስሎ ነበር።

አንድ ጥር ላይ ሰጠኝ የሚባለው የመኪና ረዳት ለእህቱ ሰርግ ቴፕና የአሰለችን የመጀመሪያ ካሴት ይዞ ከች አለ። ካሴቱ ከዳር እስከ ዳር የአገር ቤት የሰርግ ዘፈን ነው። ዳሱ ውስጥ ቴፑ ተከፈተ፤ አሰለች አወረደች። ተቀባይ ግን የለም! ከበሮው ብቻ ድም ድም ይላል።

«ወይ ጉድ፣ ያን ያህል ከተማ ተቀባይ ጠፋ?» እያሉ ሴቶቹ ተቀበሉላት። ጨረሱ። ከበሮው አሁንም ድም ድም ይላል፤ አሰለች የለችም። እርስ በርስ ተያዩ። ድምጿ የመጣው ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነው። በሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ።

«ካሴቱ ብልሹ ነው» አለች አንዷ።

«ከሱቅ ያወጣሁት አዲስ ካሴት ነው!» ብሎ ሰጠኝ ተቆጣ።

ሙሉሃብት ጥግ ይዛ ታዳምጥ ነበር። ቀስ ብላ ተነሳች። ሦስተኛው አዝማች ሲደርስ ብቻዋን ተቀበለች፤ እንደ ልማዷ አወጣችው፣ አወረደችው፣ አሽሞነሞነችው። የመጨረሻዋን ቃል ስታሳርፍ አሰለች እዚያው ላይ ተቀብላ ቀጠለች፤ አንዲት የከበሮ ምት እንኳ አልተረፈችም።

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ያ ሁሉ ክፍት ቦታ በሙሉሃብት ትንፋሽ ተለክቶ የተተወ ኖሯል። እሷም ይህን አውቃ እያለቀሰች ስትስቅ ቀጣዩ አዝማች ደርሶ ጥሏት አለፈ።

«ወይኔ፣ አመለጠኝ!» ብላ ወደ ቴፑ ሮጠች። «ሰጠኝ፣ ስለ ላሊበላ ብለህ መልሰው! ልጂቱ ቆማ እየጠበቀችኝ!»