እጅ በቀትር አይታመንም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሞላ መፍቻ አላስያዙኝም። ገንዳ ውሃ ከተማ ከሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ መታጠቢያ ቤት አስገቡኝና «ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ። ጨፈንኩ። እጄን ይዘው ከግድግዳው ላይ የወጡት ሁለት ቧንቧዎች ላይ በየተራ አሳረፉት።

«የቱ ነው ሙቁ?»

«የግራው።»

«ቀዝቃዛውስ?»

«የቀኙ።»

«በቃ፣ ግማሹን ሙያ ተማርክ። እጅ አይዋሽም» አሉኝ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ሰዓቱን ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ልብ ያልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የሰው እጅ ካጠፋሁ በኋላ ነው።

እኔ ወደ ቆላ የወረድኩት ሰሊጥ ላርም ነበር። ኮኪት አጠገብ አንድ እርሻ ላይ ወባ ጣለኝ፤ አብረውኝ የመጡት አዝመራው አልቆ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ። ጋሽ ሞላ ቦይ የሚቆፍርላቸው ሰው ሲፈልጉ አገኙኝ። እሳቸው ጎንደር ከተማ ቧንቧ ሲሠሩ ኖረው ወደዚህ የመጡ ባለሙያ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር። ለሳቸው የሰው ልጅ ሦስት ማዕረግ ብቻ ነበረው፤ ቆፋሪ፣ ረዳት፣ ባለሙያ። ሁለት ክረምት ቆፈርኩ። አራት ዓመት የመሣሪያ ሣጥናቸውን ተሸከምኩ።

ሣጥኑ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የቧንቧ መፍቻ፣ የብረት መጋዝ፣ የቧንቧ ጥርስ ማውጫ፣ መገጣጠሚያ ላይ የሚጠመጠም ቴፍሎንና በሲጋራ ፓኮ የታጨቁ ውሃ መያዣ ጎማዎች ነበሩ። ጋሽ ሞላ እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ቦታው ካልገባ ምሳ አይበሉም። የተረፈ ጎማ ስጥል ካዩኝ «ነገ ከጎንደር በአውቶቡስ ልታስመጣው ነው?» ይሉኝ ነበር።

በዚህ አገር ቦይለር ማስገባት ለማያውቅ ሰው ያስቃል። ፀሐይዋ ራሷ ቦይለር አይደለችም ወይ? ግን ሰው ያለ ምክንያት አያስገባም። ከፍ ባለ የብረት ማማ ላይ የተቀመጠው የውሃ ታንከር ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል፤ አራስ፣ በሽተኛና ማልዶ ተሳፋሪ እንግዳ ደግሞ ሙቅ ውሃ የሚፈልጉት ሲነጋ ነው። ቀትር ላይ ያው ታንከር ሌላ ነገር ይሆናል። ቀዝቃዛ የሚባለውን ቧንቧ ከፍቶ እጁን ከሥሩ የሚያቆይ የለም።

ጋሽ ሞላ የሙቅ ውሃ ሥራ የሚሠሩት ጠዋት ብቻ ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደንበኛ ቢለምናቸውም «ነገ ማልጄ እመጣለሁ» ብለው ሣጥናቸውን ይዘጋሉ። እኔና ሌሎቹ ረዳቶች ከኋላቸው እንስቅ ነበር። «ጋሼ ፀሐይ ሲያዩ እንደ ቅቤ ይቀልጣሉ» እል ነበር። ደገኛ ስለሆኑ፣ ደግሞም ስላረጁ ነው ብዬ አመንኩ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስልክ መቀበል ጀመሩ፤ ቤት ለቤት የምዞረው እኔ ሆንኩ። «ባለሙያ» ብለው ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ትከሻዬ ሰፋ። በፀሐይ የማልቀልጥ ባለሙያ መሆኔንም ላሳይ ቸኮልኩ።

ሐጃ ዘይነባ የደወሉት በዚያን ሰሞን ነው። በገበያው በኩል የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ባልቴት ናቸው፤ ከተማው የሚያውቃቸው ግን በጨርቅ አይደለም። ሙስሊም ሴት ስትሞት አጣቢዋ እሳቸው ናቸው። ገላዋን የሚያጥቡት፣ ፀጉሯን የሚጎነጉኑት፣ ከፈኗን የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው። የጣት ቁርጥማት ነበረባቸውና ማልደው እጃቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልነከሩ ጣታቸው አይታዘዝላቸውም። ቦይለሩን ያስገቡት ለዚሁ ነው። «ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ እጄ ዝግጁ መሆን አለበት» ይሉ ነበር።

የመታጠቢያ ቤታቸው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ሦስት ቀን ጠበቁኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ኮኪት ሥራ ነበረኝና እሳቸው ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ነገ ማልጄ ልምጣ ማለት እችል ነበር።

«ሐጃ፣ ቦይለሩ በርቷል?» አልኳቸው።

«መብራት እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ልጄ።»

መብራት ከሌለ ቦይለር የለም ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ ያደረ ውሃ በግማሽ ቀን እንደማይበርድ አውቃለሁ፤ ሲጠይቁኝ መልሱን የማውቀው፣ ስሠራ ግን የማላስበው ነገር ነበር።

ከበሩ ጀርባ የሙቁንና የቀዝቃዛውን መስመር የሚዘጉ ሁለት ማቆሚያዎች አሉ፤ አንድ ዓይነት፣ ምልክት የሌላቸው። እንደተማርኩት እጄን በየተራ አሳረፍኩ። ሁለቱም ፈጁኝ። ቆም አልኩ። ከዚያ ደንቡ ሙቅ በግራ ነው ብዬ የግራውን አጥብቄ ዘጋሁ። ቤቱን የሠራው ሰው መስመሩን አቀያይሮት ነበር። የዘጋሁት ቀዝቃዛውን ነው።

የተበላሸውን ቧንቧ ከፍቼ ውሃው መቆሙን እንዳላይ ጥርሱ አልቆ መክፈቻው በባዶው ይሽከረከራል። ሐጃ ዘይነባ ይህን አዩ።

«ማድ ቤት ያለውን ሙቅ ከፍቼ ልይልህ?»

«አይ ሐጃ፣ ውሃው ለምን በከንቱ ይፈሳል። ዘግቼዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ውስጡ የቀረውን ልቀበለው» ብለው ሳፋ አመጡ።

ይህ የማይገባው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያልኖረ ሰው ነው። በበጋ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፤ ቧንቧ ሠሪ ቧንቧ ሲፈታ አንድ ሰው ሳፋ ይዞ ይቆማል። ውሃ ሜዳ ላይ ማፍሰስ ነውር ነው። እኔም ስንት ቤት «ሳፋ አምጡ» ብያለሁ። ቧንቧው ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ የተተከለ ነው፤ ሳፋው መሬት ቢቀመጥ ውሃው ወደ ውጭ ይረጫል። ሐጃ ዘይነባ ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት።

መፍቻውን አስገብቼ አዞርኩ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ። የቀረ ውሃ ነው አልኩ። ደግሜ አዞርኩ፤ የቧንቧው ራስ ተፈናጥሮ ወጣ።

ውሃው የወረደው እጃቸው ላይ ነው። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ገባኝ። «ልቀቁት! ልቀቁት ሐጃ!» እያልኩ ጮህኩ። አልለቀቁትም። የሚፈላው ውሃ ከእጅ አንጓቸው እስከ ጣታቸው እየወረደ ሳፋውን ይዘው ቆዩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ያላፈሰሰ እጅ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አቃተው። ሳፋውን በእግሬ መትቼ ጣልኩት። ከዚያ ዘልዬ የቀኙን ማቆሚያ ዘጋሁ።

ሐጃ አልጮሁም። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው እያዩት «ማሌሽ፣ ማሌሽ» አሉ። እዚህ ከሱዳን የተወሰደ ቃል ነው፤ ግድ የለም ማለት ነው። ለኔ ነበር የሚሉት።

ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ የግራውን ማቆሚያ ከፍቼ የእጅ መታጠቢያውን ለቀቅሁት። የመጣው ፀሐይ ያፈላው የታንከር ውሃ ነው። በዚያ ቤት የሚበርድ ውሃ ያለው በረንዳው ጥላ ሥር በቆመው ዚር ብቻ ነበር፤ የመጠጥ ውሃ የሚያበርዱበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ደግፌ ወስጄ ሁለቱን እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተትኩት። ሲያወጡት ከቆዳቸው የተላቀቀው ውሃው ላይ ቀረ።

ልጃቸው ከድጃ ከሱቁ እየሮጠች መጣች። ጣቴን ብትቆርጠው አላዝንም ነበር።

«እጇን!» አለችኝ። «ሌላ የምታቃጥለው አጣህ? እጇን!»

ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። እዚያ ያለውን ሕክምና አደረጉላቸውና ወደ ጎንደር ሪፈር ጻፉላቸው። በዚያ ሰሞን የጎንደር መንገድ አንድ ቀን ክፍት ከሆነ ሦስት ቀን ዝግ ነበር። ወረቀቱን ይዘው ዘጠኝ ቀን ጠበቁ። በመጨረሻ ሲደርሱ ቁስሉ እየጠገገ፣ ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ እየተሰበሰቡ ነበር።

በዚያው በአደጋው ቀን ማታ ጋሽ ሞላ በረንዳ ሄድኩ። ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ሰዓት ላይ?» የሚል ነበር።

«ከስድስት ሰዓት በኋላ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ «እኔ ጠዋት የምሠራው ፀሐይ ፈርቼ መሰለህ?» አሉኝ።

«እጅ አይዋሽም ብለውኛል እኮ!»

«ጠዋት አይዋሽም። ሌሊት ታንከሩ በርዶ ያድራል፣ ሲነጋ ሙቁ ከቀዝቃዛው ይለያል። ቀትር ላይ ምኑን ከምኑ ትለየዋለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ? ስትስቅብኝ እሰማህ ነበር።»

ተናደድኩባቸው። አሁንም ትንሽ እናደድባቸዋለሁ። ቢነግሩኝ ኖሮ እላለሁ፤ ግን ሐጃ ዘይነባ ማድ ቤት ያለውን ልይልህ ያሉት ጋሽ ሞላን ሳይሆን እኔን ነው፤ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሐጃ ዘይነባ ከጎንደር ሲመለሱ ጋሽ ሞላን አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ሞላን አስገባቻቸው፤ ለኔ መንገድ አልለቀቀችም። እናቷ ከውስጥ «ይግባ» አሉ። ገብቼ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«ተነሥ፣ ተነሥ። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» አሉኝ። አስከትለው ደግሞ «ቧንቧዬ ግን ተፈትቶ በውታፍ እንደተደፈነ ነው» አሉ።

«እሱ ሁለተኛ እዚህ ቤት ቧንቧ አይነካም» አለች ከድጃ።

«ያበላሸው ይሥራው። ከዛሬ ወዲያ ከሱ የበለጠ የሚጠነቀቅ ከየት አመጣለሁ?»

ያኔ ነው እጃቸውን ያየሁት። የቀኙ ሦስት ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል፤ የግራው አውራ ጣት አይንቀሳቀስም። የቧንቧ መክፈቻ መጨበጥ አይችሉም። ፊት ለፊታቸው አለቀስኩ፤ ጋሽ ሞላ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በማግስቱ ሲነጋ ሄድኩ። የቦይለሩን ማብሪያ አጠፋሁ። የቀኙን ማቆሚያ ዘጋሁ፤ ከድጃ ማድ ቤት ሙቁን ከፍታ እንድትቆም ለመንኳት። ውሃው ለረጅም ጊዜ ወረደ፤ እሷም ባልዲ አላስቀመጠችም። «ቆሟል» አለች። «ጥቂት ቆዪ» አልኳት። ከዚያ ነው መፍቻዬን ያነሳሁት። ማቆሚያዎቹን አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ ቀባሁ። በአሮጌው ቧንቧ ቦታ ሐኪም ቤት ያለውን ዓይነት፣ በክርን የሚገፋ ረጅም እጀታ ያለውን ተከልኩ። ሐጃ ዘይነባ በክርናቸው ገፍተው ከፈቱት፣ ገፍተው ዘጉት። «ዶክተር አደረግኸኝ» አሉ። ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ወር ሳይሞላ ጎረቤታቸው የነበረች ወጣት እናት በወሊድ ሞተች። በግቢው ከወንዶቹ ጋር ቆሜ ነበር፤ የማጠቢያ ውሃ ሲጎድል ባልዲ ሞልቼ ሴቶቹ አስከሬኗን እስከሚያጥቡበት መጋረጃ ደረስኩ። ከዚህ በፊትም አድርጌዋለሁ፤ ከመጋረጃው ወጥቶ ባልዲውን የሚቀበለኝ የሐጃ ዘይነባ እጅ ነበር። ያን ቀን የወጣው የከድጃ እጅ ነው፤ እርጥብ ነበር። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል።

«በቀኝ ጀምሪ። ቀስ። አሁን ፀጉሯን ፍቺው። እንዲያ አይደለም፣ እኔ ብሆን... ቀስ በይ ልጄ።»

ባልዲውን ሰጥቼ ወደ ወንዶቹ ተመለስኩ። የት ልቁም የት ልቀመጥ ጠፋኝ።

አሁን እኔም ረዳቶች አሉኝ። መጀመሪያ ቀን ዓይናቸውን አላስጨፍናቸውም። የምነግራቸው ይህን ነው። ቦይለሩን መብራት ቢኖርም ባይኖርም ከማብሪያው አጥፉ። ማቆሚያውን ዝጉ። በዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ቧንቧ ክፈቱና እስኪቆም ጠብቁ። እስኪቆም ድረስ ማንም ሰው ሳፋ ይዞ አይጠጋ። የሚፈሰው ውሃ ይፍሰስ።